ኢሜይሉ ደርሷል፣ ስልኩ ግን ዝም ብሏል

ቦሌ ዙሪያ ላሉ አስጎብኚ ድርጅቶች፣ ለጭነት አስተላላፊዎችና ለውጭ ደንበኛ በርቀት ለሚሠሩ ወጣቶች ኢሜይል ዛሬም የሥራ በር ነው። ዋጋ የጠየቀ ቱሪስት ቶሎ መልስ ካላገኘ ወደ ሌላው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ በሰዓቱ ገብቷል፤ የቀረው ኖቲፊኬሽኑ ነው። ሰው ኔትወርኩን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የኔትወርክ አይደለም።

ኢሜይልና ኖቲፊኬሽን የሚመጡት በተለያየ መንገድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ የኢሜይል ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር መስመሩን ሳይዘጋ ይቆያል፤ አዲስ መልእክት ሲገባ ሰርቨሩ በዚያው መስመር ወዲያው ይነግረዋል። «አይድል» የሚባለው ይህ አሠራር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

ስልክ ላይ ግን ይኸው አሠራር ባትሪ ይበላል። አሥር አፕ አሥር መስመር ከፍቶ ቢጠብቅ ቻርጁ ማታን አያይም። ስለዚህ አፕል በ2009፣ ጉግል በ2010 እ.ኤ.አ. የጋራ መስመር ዘረጉ። አይፎን ከአፕል፣ አንድሮይድ ከጉግል ሰርቨር ጋር አንድ መስመር ይይዛል፤ የአፖቹ ሁሉ መልእክት በዚያ ያልፋል። የሕንፃ ጥበቃ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ በሩ ላይ ሰው አያቆምም፣ እንግዳ ሲመጣ ጥበቃው ይደውላል።

ጣጣው የሚመጣው ሌሎች ገንቢዎች በሚሠሯቸው የኢሜይል አፖች ላይ ነው። ጂሜይል አፑም ሰርቨሩም የጉግል ስለሆነ አይቸገርም። የድርጅትዎ የኢሜይል ሰርቨር ግን በአፕል መስመር ኖቲፊኬሽን መላክ አይችልም፤ ፈቃዱ ያለው የአፑ ገንቢ ብቻ ነው። አይፎን ደግሞ ከጀርባ ያለ አፕ የራሱን መስመር ከፍቶ እንዲቆይ አይፈቅድም። ገንቢው ሁለት ምርጫ ይቀረዋል። አንደኛው ስልኩ በፈለገው ሰዓት አፑን ቀስቅሶ አዲስ መልእክት እስኪያስፈትሽ መጠበቅ ነው፤ ኖቲፊኬሽኑ ይዘገያል። ሁለተኛው የገንቢው ሰርቨር በእርስዎ ስም ኢሜይልዎ ውስጥ ገብቶ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የኢሜይልዎን ቁልፍ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ነው። የአውሮፓ ፓርላማ በ2015 እ.ኤ.አ. አዲሱን የአውትሉክ አፕ ያገደው በዚሁ ስጋት ነበር።

አንድሮይድ ላላ ይላል። ኬ-ናይን ሜይልን የመሰለ አፕ ፈቃድ ካገኘ የራሱን መስመር ይዞ መጠበቅ ይችላል። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ወዲህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ አፖቹን ያስተኛል፤ አምራቾችም በላዩ የራሳቸውን ባትሪ ቆጣቢ ይጨምራሉ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገጣጠመው ቴክኖም ይህ ቅንብር አለው።

ሰርቨርን አገር ውስጥ ማስቀመጥም የኖቲፊኬሽኑን መንገድ አያሳጥርም። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። የድርጅትዎ ሰርቨር እዚያ ቢቀመጥ እንኳ ኢሜይሉ እዚሁ ይቀራል፤ ለአይፎንዎ የሚላከው ኖቲፊኬሽን ግን ባህር ማዶ ደርሶ ነው የሚመለሰው። የኖቲፊኬሽኑ መዝገብም እዚያ ይቀራል፤ አሜሪካዊው ሴናተር ሮን ዋይደን በኅዳር 2016 ዓ.ም. መንግሥታት ይህን መዝገብ ከአፕልና ከጉግል እንደሚጠይቁ ይፋ አድርገዋል።

ምን ይደረግ? አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የኢሜይል አፑን ከባትሪ ገደብ ነፃ ያውጡት። በአይፎን የራሱ ሜይል አፕ ላይ ጂሜይል የሚጠቀሙ ከሆነ በየ15 ደቂቃው እንዲፈትሽ ያድርጉት፤ ከዚያ የፈጠነ ምርጫ የለውም፣ ካላረካዎት የጂሜይልን አፕ ይጫኑ። ችግሩ ቢሮ ውስጥ ብቻ ከሆነ የዋይፋዩ ባለሙያ የአፕልና የጉግል መስመሮች የሚያልፉባቸውን 5223 እና 5228 የተባሉትን ፖርቶች ዘግቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ለአዲስ አፕ የይለፍ ቃልዎን ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ የት እንደሚያስቀምጠው ያንብቡ። ደንበኛ የሚጠብቅ ሰው ግን ኖቲፊኬሽን ብቻ አምኖ አይቀመጥ፤ ጠዋት ቢሮ ሲገባና ከምሳ መልስ ኢሜይሉን ራሱ ከፍቶ ይይ።