ዋስ የሌለው ሾፌር

ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን አይቶ፥ እግሩን መርምሮ፥ በሶምሶማና በግልቢያ ፈትኖ ይገዛል። ሻጩ «ይህ ፈረስ መንገዱን ራሱ ያውቃልና ልጓም አያሻውም፤ ስለዚህ በዋጋው ላይ ጨምርልኝ» ቢል ግን፥ በአዊ አገር እሺ የሚለው ገበያተኛ የሚያገኝ አይመስለንም። በ1932 ዓ.ም. የፈረሰኞች ማኅበር ያቋቋመውና በዓሉን ጥር 23 ቀን የሚያከብረው የአገው ሕዝብ ፈረሱን ይወዳል፥ ያስጌጣል፤ ልጓሙን ግን ከእጁ አይለቅም።

ይህን ያነሣነው ስለ ፈረስ ለመጻፍ አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፥ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሆኗል። ከቻይና ከሚመጡት ከእነ ቢዋይዲ መካከል ደግሞ መሪያቸውን ራሳቸው የሚያዞሩ፥ ፍሬናቸውንም ራሳቸው የሚይዙ ዓይነቶች አሉ። እንግዲህ «ለዚህ መሣሪያ ተጨማሪ ገንዘብ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ የባሕር ማዶ ሰው ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ በግምጃ ቤት ከተማ ተቀምጦ፥ ከደመወዙ እየቆጠበ ስለ መኪና የሚያስብ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛም ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ለመሆኑ የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው? የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር መኪና ራሱን የመንዳት ችሎታውን ከ0 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎታል። በ2ኛው ደረጃ መኪናው መሪ ያዞራል፥ ፍጥነት ይጨምራል፥ ይቀንሳል፤ መንገዱን የሚጠብቀው ግን ሰው ነው። በ3ኛው ደረጃ፥ በተወሰነ መንገድና ፍጥነት መኪናው ራሱ ይጠብቃል፤ ሲቸግረው ሰውን ይጠራል። በ4ኛው ደረጃ፥ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ እንደሚታዩት የዌይሞ ታክሲዎች፥ በተከለለ ክልል ውስጥ ሾፌር ጭራሹን አያስፈልግም። ለግል ገዢ «ራሱን ይነዳል» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ዕቃ ግን ከ2ኛው ደረጃ አያልፍም። ቴስላ የተባለው ኩባንያ «ሙሉ በሙሉ ራስን መንዳት» ብሎ በሚሸጠው መሣሪያ ስም ላይ «በሰው ጥበቃ ሥር» የሚል ቃል በ2016 ዓ.ም. መጨመሩ ይህንኑ ያስረዳል። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በቻይና በረዳት መሣሪያው ይሄድ የነበረ የሻኦሚ መኪና፥ መሪውን ለሾፌሩ በመለሰ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከሲሚንቶ አጥር ጋር ተጋጭቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በሚቀጥለው ወር የቻይና መንግሥት «ራሱን የሚነዳ» የሚለውን ቃል ከመኪና ማስታወቂያ እንዲወጣ አደረገ።

በአገራችን ንብረት የሚረከብ ሾፌር ሲቀጠር «ዋስ ጥራ» ይባላል። ለዚህ ለአዲሱ ሾፌርስ ዋሱ ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶታል። በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርጋል፤ ዐሥር ቁጥር አለፍ ብሎ በ2081 ደግሞ፥ መኪና ላደረሰው ጉዳት፥ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢሆን፥ የመኪናውን ባለቤት ኀላፊ ያደርጋል። እንግዲህ ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ሾፌር ይቀጥራል፥ ለሾፌሩ ዋስ ራሱ ይሆናል፥ ከመሪው ኋላ ተቀምጦም ሲጠብቀው ይውላል። ይህ እንዴት ያለ ቅጥር ነው?

ዋጋውም ቢሆን የሚያስቸኩል አይደለም። ቴስላ በአሜሪካ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በ15,000 ዶላር ይሸጠው የነበረውን ይህንኑ መሣሪያ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወደ 8,000 ዶላር አወረደው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ቢዋይዲ የራሱን ረዳት መሣሪያ በቻይና ገበያ ርካሽ በሆኑት መኪናዎቹ ላይ ሳይቀር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ዛሬ በውድ የሚገዛው ነገ በምርቃት ሊመጣ ይችላል።

መንገዱንም ማሰብ ያስፈልጋል። የመሣሪያው ዓይን ካሜራና ራዳር ነው፤ መንገዱን የሚለየውም በአብዛኛው በቀለም በተሰመረ መሥመር ነው። ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት የሚሄድ ሰው ግን በክረምት ጉም ይገጥመዋል፤ በገበያ ቀን ጋሪ፥ ባጃጅ፥ የተጫነ አህያና በግ የሚነዳ እረኛ ይገጥሙታል። እረኛው በእጁ ሲጠቁም «ቁም» ማለቱ ይሁን «እለፍ» ማለቱ፥ በሌላ አገር ጎዳና የሠለጠነ መሣሪያ ይረዳዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪናም ካርታውና ቋንቋው የዚያው አገር ሊሆን ይችላል።

ይሁንና መሣሪያው ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ጎጃም የሚገባ ሾፌር ይደክማል፤ መሣሪያ ግን አያንቀላፋም። ድንገት ከፊት እንቅፋት ሲመጣ ራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያ፥ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፥ የፊተኛውን መኪና ከኋላ የመግጨትን አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ የሰውን ዓይን የሚረዳ እንጂ የሚተካ አይደለምና፥ ገንዘብ ቢወጣበት አያስቆጭም።

ስለዚህ ለወጣት ገዢዎች የምንመክረው ይህን ነው። ፍሬን ለሚይዘውና ከመሥመር ስትወጡ ለሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ክፈሉ። ራሱን ይነዳል ለሚባለው ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በዚህ አገር ይሠራል ወይ? የፊት መስተዋቱ ቢሰበር ካሜራውን አስተካክሎ የሚመልስልኝ ባለሙያ የት አለ? መሣሪያው ለሚያጠፋው ጥፋት ኀላፊነቱን በጽሑፍ ትወስዳለህ ወይ? መርሴዲስ በ2014 ዓ.ም. በጀርመን ለገበያ ያቀረበውን የ3ኛ ደረጃ መሣሪያ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ባላለፈ ፍጥነት ሲወስነው፥ በመሣሪያው ጥፋት ለሚደርሰው አደጋ ተጠያቂ እንደሚሆን ተናግሮ ነበርና፥ ጥያቄው ከባድ ጥያቄ አይደለም።

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ሻጩ ለሾፌሩ ዋስ ለመሆን የሚፈርምበት ቀን ሲደርስ ስለ ዋጋው እንነጋገራለን፤ እስከዚያ ገንዘቡ በባንክ፥ እጃችንም በመሪው ላይ ቢቆይ የሚሻል ይመስለናል።