ቀዝቃዛው ውሃ በማይቀዘቅዝበት ከተማ

ሻወር ስንከፍት የሙቁንና የቀዝቃዛውን ውሃ መጠን በእጃችን እናመጣጥናለን። ቦይለሩ የቱንም ያህል ቢያሞቅ ቀዝቃዛው ያበርደዋል ብለን እንተማመናለን። በጅቡቲ ከተማ ይህ መተማመን አያዛልቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከርና ፀሐይ የሚያርፍበት ቧንቧም ውሃውን ያሞቁታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከ20 ዲግሪ ውሃ ጋር እኩል ሲደባለቅ 40 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህ ለገላ ይስማማል። ቀዝቃዛ የምንለው 38 ዲግሪ ከሆነ ግን ድብልቁ 49 ይደርሳል። የ60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ በ55 ዲግሪ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል። የሕፃናትና የአረጋውያን ቆዳ ደግሞ ስስ በመሆኑ ጊዜው ያጥራል።

«በዚያ ሙቀት ማን ቦይለር ያበራል?» የሚል ይኖራል። በሞቃቱ ወራት ማጥፋት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን የልጅን ደኅንነት በማስታወስ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። «ታዲያ ሙቀቱን 45 ላይ እናድርገው» ማለትም ሌላ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ ሰዎችን በሳንባ ምች የገደለው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦይለሩ ሲበራ 60 ላይ ይቆይ፤ ውሃው ገላ ከመንካቱ በፊት ይብረድ።

ይህን የሚሠራው ሙቀት መጣኝ ማደባለቂያ ቫልቭ ነው። በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በዚህም የሙቁን ውሃ መግቢያ ያጠባል፣ የቀዝቃዛውን ያሰፋል፣ ወይም በተቃራኒው። የቀዝቃዛው ውሃ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ ሙቁን ይዘጋል፤ ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ቫልቩ ለሻወሩ ቅርብ ሆኖ ይገጠማል፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሁለቱም መግቢያዎች ላይ መከላከያ ይደረጋል። የሚወጣው ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር ሳይለካ ሥራው አላለቀም። ለሙቅ ውሃ ተራ የፒቪሲ ቧንቧ አይሆንም፤ ይለሰልሳል። የቦይለሩ ግፊት ማስተንፈሻም አይደፈንም፤ መውጫው ሰው ወደማይቆምበት የውሃ መውረጃ ይወሰዳል።

ይሁንና ቫልቩ ከሚገባለት ቀዝቃዛ ውሃ በታች ማብረድ አይችልም። ስለዚህ በጅቡቲ የሙቅ ውሃ ደኅንነት የሚጀምረው ከቀዝቃዛው መስመር ነው፦ ታንከሩን ጥላ ማልበስ፣ ቧንቧውን በግድግዳ ውስጥ ማሳለፍ ወይም መሸፈን። «ወጪው ይከብዳል» ለሚል፣ ጥላና ሽፋን ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ቫልቩንም በየቧንቧው መግጠም አያስፈልግም፤ ልጆችና አረጋውያን በሚታጠቡበት መታጠቢያ ቤት ይጀመር። የቃጠሎ ሕክምናና ዕድሜ ልክ የሚቀር ጠባሳ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ውድ ናቸው።