የሐለብ ሳሙና፦ ለገላም ለጸጉርም

ከውጭ ሲያዩት ወደ ቡናማ ያደላ ቢጫ ነው፤ በቢላ ሲከፍሉት ሆዱ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ጠርዙ ወልገድ ያለ፣ ፊቱ ላይ በእጅ የተመታ የዓረብኛ ማኅተም ያለበት፣ ብዙ ጊዜም ወረቀት እንኳ ሳይለብስ በካርቶን ተደርድሮ የሚሸጥ ደንደን ያለ ሳሙና ነው። ሽታው ሽቶ ያለው ሳሙና የለመደውን ሰው መጀመሪያ ቅር ያሰኘዋል፤ ጭስ ጭስ፣ ቅጠል ቅጠል፣ ትንሽም ዘይት ዘይት ይላል። የሶሪያዋ ሐለብ ከተማ ሰዎች ግን በዚሁ አንድ ሳሙና ገላቸውንም፣ ጸጉራቸውንም፣ ፊታቸውንም ሲታጠቡ፣ ወንዶቹ ደግሞ ጺማቸውን ሲላጩበት ኖረዋል። ለገላ አንድ፣ ለጸጉር ሌላ፣ ለፊት ሦስተኛ ጠርሙስ መደርደር ለዓለምም ቢሆን የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እኛ ዘንድም ወንዝ ወርዶ በያዛት የልብስ ሳሙና ከእግር እስከ ራሱ ታጥቦ ያደገ ሰው ሞልቷል። የሐለቡን የሚለየው ሲሠራም ለዚሁ ታስቦ መሆኑ ነው።

የሚገባበት ነገር አራት ብቻ ነው፦ የወይራ ዘይት፣ የሎረል ፍሬ ዘይት፣ ውሃና ሶዳ። ሎረል ቅጠሉ ደርቆ ለስጎና ለሾርባ ማጣፈጫ የሚሆነው ዛፍ ነው። ለሳሙናው የሚፈለገው ግን ቅጠሉ አይደለም፤ ጥቁሯ ትንሽ ፍሬው ናት። በመከር ወራት ተለቅማ በውሃ ትቀቀላለች፤ ዘይቷ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይቀዳል። ዛፉ በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ሶሪያ ባሉት የከሰብ ተራሮችና ከድንበር ማዶ በቱርክ አንታክያ አካባቢ ነው። የወይራው ዘይት ደግሞ በተለይ ከሶሪያዋ አፍሪን ይመጣል። የእኛ አገር ወይራ የዚያው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ትንሽና ሥጋ የሌለው ስለሆነ ዘይት የሚጨምቀው የለም። እዚህ የሚፈለገው ለእንጨቱና ለጭሱ፣ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ለማጠን ነው።

የሐለብ ሳሙና ቤቶች ዓመቱን ሙሉ አይሠሩም። የወይራው አዝመራ ገብቶ አዲሱ ዘይት ሲደርስ፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እሳት ይነዳል፤ ሙቀቱ ሲመለስም ይቆማል። ምክንያቱ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከብረት ድስቱ የወጣው ትኩስ ሳሙና ወለል ላይ ፈስሶ እንዲረጋ ብርድ ያስፈልገዋል። ድስቱ ቶን በሚቆጠር ዘይት የሚሞላ፣ አፉ ከወለሉ ጋር እኩል፣ ሆዱ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። እሳቱ የሚነደው ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ነው። የወይራው ዘይት፣ ውሃውና ሶዳው አንድ ላይ ሦስት ቀን ገደማ ይፈላሉ። ዛሬ ከፋብሪካ የሚመጣ ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል፤ በድሮው ዘመን ከበረሃ ጨዋማ መሬት የሚበቅል ቁጥቋጦ ተቃጥሎ አመዱ ከኖራ ጋር ይበጠበጥ ነበር። የሎረሉ ዘይት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውድ ነውና ጠባዩ በረጅሙ እሳት እንዳይባክን። ሳሙናው ከድስቱ ከመውጣቱ በፊት ግን በትርፍነት የቀረው ሶዳ በውሃ እየታጠበ በሥር ይወጣል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ሳሙናው ቆዳ ያቃጥላል። የድሮው ባለሙያ መብሰሉን የሚያውቀው በመልኩ፣ በሽታውና ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ነው።

ሲበስል ሰፊ ክፍል ወለል ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ይፈሳል። ሠራተኞች እግራቸው ላይ ጣውላ አስረው እየተንሸራተቱ ያስተካክሉታል። እስኪጠና ይጠበቅና ደግሞ ሌላ ትዕይንት ይጀመራል፦ ስለት የተደረደረበት መቁረጫ አለ፤ አንዱ ሰው ክብደት እንዲሆን ላዩ ላይ ይቆማል፣ ሌሎቹ በገመድ ይጎትቱታል። አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በወርድ ሲያልፍ ወለሉ ሙሉ በሙሉ በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። ቀጥሎ ማኅተም መቺዎቹ ቁጢጥ ብለው እያንዳንዱን በመዶሻ ይመታሉ፤ የቤተሰቡ ስም እዚያ ላይ ያርፋል። የሳሙናው ጠርዝ መወልገዱም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቅርጽ ማውጫ አልገባም።

ከዚህ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው። ሳሙናዎቹ መሐላቸው ነፋስ እንዲያሳልፍ ሆነው ባዶ ሆድ ያለው ግንብ ይሠራባቸዋል፤ እንዲያ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይከርማሉ። በዚህ ጊዜ ውሃው ይተናል፣ ላዩ ከአየር ጋር ተገናኝቶ አረንጓዴነቱን ይለቅና ቢጫ ይሆናል፣ ሳሙናውም ይጠነክራል። የከረመ ሳሙና በውሃ ቶሎ አያልቅም፣ ለቆዳም ለስለስ ይላል። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ የተገዛ የሐለብ ሳሙና ብዙ ጊዜ የአምናው ሥራ ነው።

ታዲያ አንድ ሳሙና ለገላም ለጸጉርም እንዴት ይበቃል? ለገላ መልሱ ቀላል ነው። ላብ፣ ቅባትና አቧራ ቆዳ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ውሃ ብቻውን ቅባትን አያነሣም። የሳሙና ቅንጣት በአንድ ጫፏ ቅባት፣ በሌላው ጫፏ ውሃ ትይዛለች፤ በማይስማሙ ሁለት ወገኖች መሐል እንደሚገባ ሽማግሌ ሁለቱን አያይዛ ታስኬዳለች። ከወይራ ዘይት የሚገኘው ሳሙና በጠባዩ ለዘብተኛ ነው፤ አረፋው ግን ትንሽና ልፍስፍስ ነው። ፈጥኖ የሚነሣውን አረፋ የሚያመጣው የሎረሉ ዘይት ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ዘይትና ሶዳ ሳሙና ሲሆኑ አብሮ ግሊሰሪን ይወለዳል። ግሊሰሪን እርጥበት ይዞ ያቆያል፤ አንዳንድ ትልልቅ ፋብሪካዎች ለይተው አውጥተው ለብቻው ይሸጡታል።

ጸጉር ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ፒኤች በሚባለው የአሲድና የአልካላይን መለኪያ የቆዳችን ላይኛው ገጽ 5 አካባቢ ነው፤ ማንኛውም እውነተኛ ሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ጤነኛ ቆዳ ከታጠበ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጸጉር ዘለላ ግን በድን ነው፤ ራሱን አያስተካክልም። ላዩን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች በአልካላይን ውሃ ውስጥ ከተኙበት ቀና ይላሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ጸጉር በሳሙና ሲታጠብ ሻካራ የሚሆነውና ሚዶ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ሻምፖ የተለየ ነገር ሆኖ የወጣውም ከዚሁ ችግር ጋር ተያይዞ ነው፤ የጀርመኑ ሽዋርስኮፕፍ ኩባንያ አልካላይን የሌለበትን ሻምፖ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር።

ከዚህም የሚብሰው ግን ውሃው ነው፤ ሰው በሳሙናው ላይ የሚያማርረው አብዛኛው ነገር የውሃው ጥፋት ይመስለኛል። ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ሳሙና ከነዚህ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ባኞና ሳፋ ላይ ክብ ሠርቶ የሚቀረው እሱ ነው። ጸጉር ላይም እንዲሁ ይቀመጣል፦ ጸጉሩ ታጥቦም ያልታጠበ ይመስላል፣ ይከብዳል፣ ሲበጠር ሚዶው ላይ አመድ መሰል ነገር ይቀራል። ድሬዳዋና መቀሌ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችንም ይኸው ውሃ ነው የገጠማቸው። በተቃራኒው ክረምት ከቆርቆሮ የሚወርደው ዝናብ ውሃ ለሳሙና የሚወዳደረው የለም፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት አረፋው ይጥለቀለቃል። እናቶች የዝናብ ውሃ ለጸጉር ሲያጠራቅሙ የነበረው በከንቱ አይደለም።

እነዚህን ሳሙናዎች የሚሸጡ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጸጉር ሲበላሽ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ታገሡ» ይላሉ። ትዕግሥቱን ለሌላ ነገር ማቆየት ይሻላል። የሚታየው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያው የካልሲየም ዝቃጭ ነው፤ መፍትሔውም አቼቶ ነው። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሮ፣ ሳሙናው በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ ራስ ላይ ማፍሰስና ትንሽ ቆይቶ መለቅለቅ ነው። አሲዱ ዝቃጩን ያላቅቃል፣ ቀና ያሉትን ቅርፊቶችም ያስተኛል። ሽታው ጸጉሩ ሲደርቅ ይጠፋል። ሎሚም ይሠራል፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን የሚያደርገውን የቀመሰ ያውቀዋል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ጸጉሩ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ እስኪጠግብ መራስ አለበት። ሳሙናውን ጸጉር ላይ ከማሸት እጅ ላይ አረፋ አውጥቶ የራስ ቆዳውን በጣት ጫፍ ማሸት ይመረጣል፤ ቆሻሻውና ቅባቱ ያለው እዚያ ነውና ጫፉ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። ለስላሳና ቶሎ ቅባት ለሚሆን ጸጉር በየሁለት ሦስት ቀኑ ቢታጠቡበት ችግር የለውም። የእኛ ዓይነቱ ከርዳዳ ጸጉር ግን በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ቅባት በጥምዝምዙ በኩል ጫፍ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ ከታጠበም በኋላ ሳይደርቅ ቅባት ይፈልጋል። ቅቤ ለተቀባ ራስ በተለይ ይመቻል፤ ቀላል ሻምፖ ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈትጎ የማያስለቅቀውን ቅቤ ይህ ሳሙና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ ሲደገም ያነሣዋል። ሹሩባ ለተሠራ ጸጉር ሳሙናውን በጆግ ውሃ ውስጥ በጥብጦ በመስመሮቹ መሐል ማፍሰስ ነው። ድሬድ ላለው አልመክርም፤ ውስጡ የገባ ሳሙና በቀላሉ አይለቀቅም። ቀለም የተቀባ ጸጉርም ቀለሙን ቶሎ ይለቃል።

እንዶድን ያነሣ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። እንዶድ አረፋውን የሚያወጣው ፍሬው ውስጥ ባለው ሳፖኒን ነው፤ ሶዳም ዘይትም አይፈልግም፣ ስለዚህም በትክክለኛው ትርጉም ሳሙና አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩበት ታሪክ የታወቀ ነው። የቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል ያለው ተክል ለጋቢና ለነጠላ ድንቅ ነው፤ ዓይንና ፊት ላይ ግን ባይደርስ ይመረጣል።

የሐለቡ ሳሙናም ቢሆን የሚወራለት ሁሉ እውነት አይደለም። ክሊዮፓትራና የፓልሚራዋ ንግሥት ዘኖቢያ ተጠቅመውበታል የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። ለጭርት፣ ለፎረፎር፣ ለችፌ መድኃኒት ነው የሚለውንም እንዲሁ በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ ማጠቢያ ነው፣ ጥሩ ማጠቢያ። እንዲያውም የሎረል ዘይት አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሣል። በድሮው የአውሮፓ ባርኔጣ ሥራ ሱፉ የሚታሸው በሎረል ዘይት ስለነበር ባርኔጣ አድራጊዎቹ ግንባራቸው ላይ ሽፍታ ይወጣባቸው ነበር። ቆዳው የሚቆጣ ሰው መጀመሪያ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞክረው። ሻጮች የሎረሉን መጠን በመቶኛ ይጽፋሉ፤ ከ5 እስከ 40፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቁጥሩ ባደገ መጠን ዋጋው ይወጣል፣ ማድረቁም ይጨምራል። ለደረቅ ጸጉርና ለሕፃን ገላ ዝቅተኛው ይሻላል፤ ውዱ ሁልጊዜ የተሻለው አይደለም።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሐለብ ሲደርስ የሳሙና ቤቶቹ ያሉባት አሮጌዋ ከተማ የውጊያ ሜዳ ሆነች። ብዙ ባለሙያዎች ማኅተማቸውን ይዘው ወደ ቱርክ፣ ወደ ጋዚያንቴፕና መርሲን ተሰደዱ፤ ፈረንሳይ ደርሰው ሥራውን የቀጠሉም አሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሐለብንም፣ የተሰደዱባትን ጋዚያንቴፕንም፣ ሎረሉ የሚለቀምባትን አንታክያንም አንድ ላይ መታ። እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ ዩኔስኮ የሐለቡን የሎረል ሳሙና አሠራር በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ የፍልስጤሟ የናብሉስ ሳሙናም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ዛሬ «የሐለብ ሳሙና» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሐለብ የተሠራ አይደለም፤ በስደት የተሠራውን ግን ሐሰተኛ ማለት አግባብ አይሆንም፣ እጁ ያው እጅ ነውና።

ሐሰተኛው ሌላ ነው። ከውጭም ከውስጥም አንድ ዓይነት ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ተጨምሮበታል። ሽቶ ሽቶ ካለ፣ ወይም ማሸጊያው ላይ ከአራቱ ነገሮች ሌላ ረጅም ዝርዝር ካለበት፣ ተራ ሳሙና ነው። በደንብ የደረቀ እውነተኛው ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የተገዛው ሳሙና ትልቅ ከሆነ ለሁለት ለሦስት ከፍሎ አንዱን ብቻ ማውጣት ይሻላል፤ የወይራ ዘይት ሳሙና ውሃ ባቆረ ሳህን ላይ ከተተወ በአንድ ሌሊት እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ቀዳዳ ባለው ማስቀመጫ ወይም ተጨምቆ በደረቀ ሊፍ ላይ ቢያርፍ ወራት ይዘልቃል። የቀሩት ቁራጮች ቁም ሣጥን ውስጥ በጋቢና በሹራብ መሐል ይቀመጡ፤ እዚያ ሲቆዩ ይበልጥ ይደርቃሉ፣ ለመታጠብም ይበልጥ ይሻላሉ።