ገዳሪፍ ላይ ማን ተብላ ትጠራለች?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። አክስቴ ጎንደር ሆና ሽንኩርት እየከተፈች የልጇን የበዓል ስልክ ትጠብቃለች። ካርቱም ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለቻት። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ የፈነዳው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ስልኩ የመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ «ገዳሪፍ ገብቻለሁ፣ በመተማ እመጣለሁ» የሚል። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም።

ገዳሪፍ ምሥራቅ ሱዳን ነው፤ ሩቅ አይደለም። የሱዳን ድንበር ላይ ያለችውን ጋላባትን ከእኛዋ መተማ ዮሐንስ የሚለየው አንድ ድልድይ ነው። ግን ገንዘብና ወረቀት የሌላት ሴት እዚያው ሻይ እያፈላች ልትቀር ትችላለች። በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልልም ጦርነት ገባ፤ የወዲህኛውም መንገድ ታመመ።

እንደ አክስቴ ልጃችሁን ለምትፈልጉ እናቶች ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሂዱ። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ማገናኘት አንዱ ሥራው ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ስሟን እስከ አያት፣ የእናቷን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን፣ መጨረሻ የደወለችበትን ቀንና ቦታ ያዙ።

ቅርንጫፉ ውስጥ «እዚያ ማን ተብላ ትጠራ ነበር?» ስንባል አክስቴ ዝም አለች። ከካርቱም የተመለሰች የልጅቷን ጓደኛ አፈላልገን ብንጠይቅ፣ አሠሪዎቿ «ሰሚራ» ይሏት ነበር አለችን። አክስቴ ተቆጣች፤ «እኔ ያወጣሁላት ስም ምን ጎደለው?» ገዳሪፍ ላይ ግን እናቷ ባወጣችላት ስም ብንጠይቅ ማን ያውቃታል?

ፎቶዋን ከስልክ ቁጥራችሁ ጋር አትለጥፉ። እኛ ለጥፈን «ልጅሽ እጃችን ላይ ናት፣ ብር ላኪ» የሚል ሰው ደወለልን። አክስቴ «የላማችን ስም ማን እንደሆነ ጠይቃትና ንገረኝ» አለችው፤ ዘጋው። እናንተም እንዲህ ያለ፣ ከቤት ያልወጣ ጥያቄ ይኑራችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ያማል፤ ግን እወቁት። ልጅቷ አዋቂ ስለሆነች ብትገኝ እንኳ ካልፈቀደች ቀይ መስቀል አድራሻዋን ለቤተሰብ አይሰጥም። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ቆይታ፣ «አድራሻው ይቅር። አለሁ ትበለኝ» ብላ የፍለጋ ቅጹን ፈረመች።

እስካሁን መልስ እየጠበቅን ነው። ልጃችሁ ዛሬ የምትደውልላችሁ ከሆነ ግን ከሰላምታው ቀጥላችሁ ጠይቋት፦ እዚያ ማን ብለው ይጠሩሻል?