«ጭስ ጭስ ይላል»

አንድ ደንበኛ ሻዩን ቀምሶ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው ሲመልሰው፣ ገና ሳይናገር የሚለውን አውቀዋለሁ። ስኳር ካነሰው ደግሞ ያማስላል፤ ከቀዘቀዘበት በመዳፉ ይዞት ይቆያል፤ ጭስ ከሸተተው ግን አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው መልሶ አንዴ ያሸታል። «ይኼ ሻይ ጭስ ጭስ ይላል» ማለቱ ከዚያ በኋላ ነው። እንጅባራ ላይ ሻይ ቤት ከከፈትሁ 17 ዓመቴ ነው። ከደንበኛ አፍ ከሚወጣው ሁሉ የምፈራው ይህን ነው፤ ማድቤቴን፣ ከሰሌንና እጄን አንድ ላይ የሚመረምር ቃል ነውና።

መጀመሪያ የማየው ከሰሉን ነው። የእኛ አካባቢ ከሰል በአብዛኛው የዲከረንስ ነው። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ቢሆንም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ከእርሻው ጋር አዋህዶታል፤ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል፣ ጥቂት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፣ ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። በደንብ የከሰለው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ ስብራቱም ያብለጨልጫል። መካከሉ ቡናማ፣ ከበድ የሚል፣ ሲመቱት የማይጮኽ ካለ ውስጡ ገና እንጨት ነው። ሻይ የሚያበላሸው እሱ ነው። ስለዚህ ማለዳ እሳት የምታያይዘውን ልጅ ከሁሉ በፊት ያስተማርኋት መልቀም ነው፤ ምስር እንደሚለቀም። ከዚያ ምድጃውን ደጅ አውጥታ ፍሙ እስኪቀላ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ማንቆርቆሪያው የሚጣደው ያን ጊዜ ነው፤ ክዳኑም አይነሣም።

ከፍታችንም አለበት። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት። እዚህ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ቅጠሉ ቀለሙንና ጣዕሙን ቶሎ አይለቅም፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱም እንደዚያው። እሳት ላይ ቆየት ማድረግ ግድ ነው፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ የእሳቱን ጠባይ ይወርሳል። ደገኛ ሻይ አፍይ ስለ ከሰሉ ከቆለኛው ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ከሰሉን ሳምንት ሙሉ በከንቱ ወቅሼዋለሁ። ጥፋቱ የቅጠሉ ነበር። የሻይ ቅጠል አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ከሳሙና ጋር ካደረ ሳሙና፣ ከላምባ ጋር ካደረ ላምባ ይሆናል። የዚያን ሳምንት የገዛሁት ካርቶን ከጭሳም ማድቤት ጋር በር የሚጋራ መጋዘን ውስጥ የከረመ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጠሌን ከቅመሙም ከበርበሬውም ለይቼ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ይህን ሁሉ ዓመት ጭስን ከሻይ ሳባርር ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ከቻይና የተመለሰ ዘመዱ ያመጣለትን ጥቅል ሰጠኝ። ገና ሳልከፍተው ማድቤት ማድቤት ሸተተኝ። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የታጠነ ነው። ላፕሳንግ ሱሾንግ ይባላል። የሚሠራው በፉጂያን፣ በዉዪ ተራራ ባለችው በቶንግሙ መንደር ነው። ቅጠሉን ፓይን በሚባለው ጥድ እሳት ላይ ያጠወልጉታል፤ ኋላም በዚያው ጭስ ያደርቁታል። የእኛው የዉሽዉሽና የጉማሮ ሻይ በሙቅ አየር የሚደርቅ ስለሆነ ከጭስ ጋር አይተዋወቅም። ያኛው ግን ጭሱ ጣዕሙ ነው፤ በዓለም ላይ ለእሱ ብለው ገንዘብ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው።

ያለ ቅመም፣ ያለ ስኳር አፈላሁትና በትንንሽ ብርጭቆ ለደንበኞቼ አዞርሁት። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ወተት የጠየቀ የለም።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ቀመሰና «ቋንጣ ነው» አለ፤ አስቀመጠው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው። አያቷ ቤት በክረምት እርጥብ እንጨት ሲነድ እንዲህ እንደሚሸት ነገረችኝና ሁለተኛ ጠየቀች። ከዳንግላ የመጣ ነጋዴ ደግሞ ሳይቀምስ ነበር የጀመረው፦ «ዳንግላ እኮ የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ ናት፤ ሻይ ለእኛ አዲስ አይደለም!» እውነቱን ነው፤ ሜጀር ቼስማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆንስላ ሆኖ የኖረው እዚያ ነው። ነጋዴው ከቀመሰ በኋላ ግን ድምፁ ቀነሰ፤ «መድኃኒት ነው እንዴ?» አለኝ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ጥግ የተቀመጡት እማማ የተናገሩት ነው። አንድ ጊዜ ፉት አሉና «ልጄ፣ ይኼማ የታጠነ ጋን ነው» አሉ።

እኔ የሻይ ባለሙያ ነኝ ስል ይህን አለማሰቤ ቆጨኝ። ጭስ ለእኛ ምኑ ነውር ነው? እናቴ ጠላ ልትጥል ስትል ጋኑን በግራዋ አሽታ ታጥብና በወይራ ጭስ ታጥነው ነበር፤ ጭሱ እንዳይወጣ አፉን ሸፍና። የወተቱም ቅል እንዲሁ። ጠላው ሲቀዳ ከጌሾው መራራነት ሥር ያ የወይራ ሽታ ይመጣል፤ የማይመጣ ከሆነ ባለሙያ ጠማቂ አላገኘም ይባላል። ቻይናዎቹ የሚያጥኑት ቅጠሉን ነው፤ እኛ ዕቃውን። ሁለታችንም ግን እንጨቱን እንመርጣለን። እናቴ በባሕር ዛፍ አጥና አታውቅም፤ እርጥብ ወይራም አትነካም ነበር። ደንበኛዬ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ የሚመልስልኝ ሻይ ማንም ያልመረጠው ጭስ የገባበት ነው። ሾፌሩም ተማሪዋም የቀመሱት ግን አንድ የተመረጠ ጭስ ነበር፤ የለያያቸው ያንን ሽታ ቀድሞ ያወቁበት ቦታ ነው።

በሳምንቱ ሞከርሁት። አንድ ትንሽ እንስራ በደረቅ ወይራ አጥኜ፣ አናፍሼ፣ ውኃ አሳደርሁበት። በዚያ ውኃ የዉሽዉሹን ቅጠል ያለ ቅርንፉድ አፈላሁት፤ ቅርንፉድ ከገባ ወይራውን ይውጠዋልና። የመጣው ሽታ ከቻይናው እጅግ የለዘበ ነው፤ ሻዩ ካለቀ በኋላ በባዶው ብርጭቆ ውስጥ ይበልጥ ይታወቃል። እማማ ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። ሾፌሩ ያለ አንዳች ቃል ጨረሰው። አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው በቀዳሚው ቀን ካዘዘኝ አዘጋጃለሁ፤ ማንቆርቆሪያውም የተለየ ነው።

አንድ ሰው ግን ከቻይናውም ከወይራውም አልቀምስም ብሎኛል። በአዲስ ቅዳም በኩል ከሰል የሚያከስል፣ ገበያ ቀን ማለዳ የሚመጣ ሰው ነው። እንጨቱን ከምሮ፣ ሣርና አፈር አልብሶ፣ ክምሩ ተሰንጥቆ አየር እንዳይገባበት ሌሊቱን ሲዞረው ያድራል። ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነ ገና ነው፤ ቀጥኖ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ደርሷል። ይህን የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑም ሁልጊዜ የቀላ ነው። ብርጭቆውን ስዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እታለም፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስጠጣው ነው የከረምሁት» አለኝ። አፍሬ መለስሁት። ጭሱን ወደን የምናጣጥመው እኛ፣ እሳቱ አጠገብ ያላደርነው ነን።

ያን ቀን ሳይሄድ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ሌሊት ምድጃውን የት ነው የምታሳድሪው? የነገረኝ የሙያውን ነው። የሚጨስ ከሰል ያስላል፣ ያስለቅሳል፣ ሰው ተነሥቶ በር ይከፍታል። ጭሱን የጨረሰው፣ እኔ ለሻይ የምመርጠው ቀይ ፍም ግን ምንም ሳይሸት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። እኔም ይህን በመከራ ነው የተማርሁት። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ብርድ፣ ቤቱን የሚጠብቅልኝ ልጅ ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኛ። ማለዳ ስደርስ እያስመለሰው፣ ራሱን ይዞ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት አገኘሁት። እግዚአብሔር አተረፈው። ምድጃውን ያስገባው ብርድ ልብስ አንሶት ነበር፤ ያንን ሳላይ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ።

አሁን ልጁ ሁለት ብርድ ልብስ አለው፤ ምድጃው የሚያድረው ደጅ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነው። አክሳዩ ሰውዬ ገበያ ቀን ማለዳ ሲደርስ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደዚያ ዞር ብሎ ያያል። አመዱ ቀዝቅዞ ካየ ይገባና አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እሳት የምታያይዘው ልጅ ምን እንደሚጠጣ አትጠይቀውም፤ ቀጭን ሻይ፣ ስኳሩ በዛ ያለ፣ ከዚያኛው ማንቆርቆሪያ ያልተቀዳ።