ፈረሰኛው ይድነቃቸው
(ተከታታይ ታሪክ - ክፍል 3፦ ስሙን የተቀማ ቡድን)

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው አራዳ ላይ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን አቋቋሙ፤ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸውም ገና በ14 ዓመታቸው ማሊያውን ለበሱ። አባትየው ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በዜማቸው አገር ያወቃቸው ሰው ናቸው። ልጁ ጅማ ላይ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ስለሆነ ዕድሜያቸውን ማስላት አያስቸግርም፤ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር አንድ መጨመር ነው።

ቡድኑ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጣሊያኖች ከተማዋን በቀለም ለዩዋት። የአራዳው ትልቅ ገበያ ከቦታው ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያን ጊዜ ትሩፋት ነው። ኳሱም አልቀረለትም። ነጭ ከነጭ፣ ጥቁር ከጥቁር ይጫወት ተባለ፤ ለአገሬው ሰው የሚሆን ስፖርት የሚቆጣጠር ጽሕፈት ቤትም ለብቻው ተከፈተ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚለው ስም ደግሞ ዓድዋን ስለሚያስታውስ ነው መሰለኝ፣ ለፋሺስቶቹ አልተዋጠላቸውም። ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተገደደ። ሊቶሪዮ ከራሳቸው ከፋሺስቶቹ የበትር እስር አርማ የመጣ ስም ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የውቤ ሰፈር ልጆች በወራሪያቸው አርማ ስም ተጠርተው ሜዳ ይገባሉ፣ ጎል ያገባሉ፣ ከዚያም ከባላጋራቸው ጋር ተጨባብጠው ይወጣሉ። ከነጩ ቡድን ጋር ግን መግጠም ክልክል ነው። ብልጫው በኳስ እንዳይፈተን ሕግ ወጥቶለታል። ይህን የሚያወጣ ሰው መሸነፍን የሚፈራ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው ያለውን ዕድሜ ያሳለፉት እንዲህ ነው። ሌላው ወጣት ኳስ ሲማር እሳቸው ኳስንም መለያየትንም አብረው ተማሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ቡድኑም ስሙን መልሶ ያዘ። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ኳስ የሚገርም መልክ ነበረው። የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ። ትናንት «አንድ ላይ አትጫወቱም» ይሉ የነበሩት ጣሊያኖች ዛሬ ከውቤ ሰፈር ልጆች ጋር አንድ ውድድር ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1944 የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት የወሰዱት ግን እንግሊዛውያኑ ወታደሮች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ዋንጫውን ለማንሳት እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት።

እንግሊዝን ካነሳን ዘንድ ቻርልስ አልኮክን ሳልጠቅስ አላልፍም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የኤፍኤ ዋንጫን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 በመጀመሪያው ፍጻሜ የጦር መሐንዲሶቹን ቡድን 1 ለ 0 የረታው የዋንደረርስ አምበልም እሱው ነው። ውድድሩን አቋቁሞ፣ ተጫውቶ፣ ዋንጫውን ወሰደ። የእኛውም ሰው ዕጣ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆነው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጠዋት ደብዳቤ ያረቅቃሉ፣ ከሰዓት ጎል ያገባሉ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት የተጫወቱት እንዲህ እየሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ አድርጋ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 አሸነፈች፤ በ1952 ደግሞ የፊፋ አባል ሆነች።

ዛሬ አያት ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መሐል አመሻሹ ላይ ብቅ ብትሉ ቪ ምልክት ያለበትን ቢጫ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ የለበሱ ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርተው ሲጯጯሁ ታያላችሁ። ማሊያው ስሙን ተቀምቶ እንደነበር ለልጆቹ የነገራቸው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ካርቱም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም፣ ግራንድ ሆቴል። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ሊጀመር ቀናት ቀርተውታል። አራት አገር፣ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፤ ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ።

ደቡብ አፍሪካ ግን አንድ ነገር ይዛ መጥታለች። የምልከው ቡድን ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው፤ ቅልቅል የሚባል የለም አለች።

ይድነቃቸው 35 ዓመታቸው ነው። ይህን ንግግር ከዚህ በፊት ሰምተውታል፤ ያኔ የተነገረው በጣሊያንኛ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ብትባረር ኢትዮጵያ አንድ ኳስ ሳትመታ ፍጻሜ ትገባለች። ተቃውሞ ያነሳ ሰው «ለአገሩ ዋንጫ ብሎ ነው» መባሉ አይቀርም። ዝም ያለ ደግሞ ሊቶሪዮን በካርቱም ሊደግም ነው።

ይድነቃቸው ምን አሉ? የፍጻሜው ሜዳስ ለኢትዮጵያ ምን አቆየላት? በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል 4ን ጠብቁ።

ይቀጥላል