በአዳማ ሙቀት ነጭ ወይን እንዴት ይቅረብ?

የአዳማ ሙቀት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል። በዚህ ሰሞን እንግዳ «ቀለል ያለ ነገር» ሲለኝ ነጭ ወይን ነው የማቀርበው፤ ያውም የስምጥ ሸለቆን። የወይን ጠጅ አምራቹ ካስቴል ባቱ (ዝዋይ) ላይ ሻርዶኔ የተባለውን የነጭ ወይን ዝርያ ያለማል፤ ምርቱ ለገበያ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህ የፍሬውን ኮምጣጣነት ለመጠበቅ ይረዳል። በሙቀት አፍን የሚያረሰርሰው ይኸው ኮምጣጣነት ነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው አቀራረቡ ላይ ነው። ወይኑ ከሞቀ አልኮሉ ጎልቶ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ ደግሞ መዓዛው ይጠፋል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ካልሠራ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ እኩል አድርጉ፤ አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩና ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ንከሩት። ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካው ውሃ የሌለው በረዶ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ብርጭቆው ውስጥ ግን በረዶ አትጨምሩ፣ ያቀጥነዋል። ጥቂት ጥቂት ቅዱ፤ ቀሪው ባልዲው ውስጥ ይቆይ።

ምግቡስ? ሎሚ የተጨመቀበት የዝዋይ ዓሣ ጥብስ፤ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሚጥሚጣው ከበዛ ግን አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፤ ያኔ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ምረጡ። እግረ መንገዴን ለባለ ሱቆች፦ ጠርሙሱን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አትደርድሩት።